በሶፍትቦል የመጨረሻ ኢኒንጎች የማጥቃት ውሳኔ፦ ለታዳጊ ቡድን አሰልጣኞች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ሰዓት በሚቆጠርባቸው ስፖርቶች ቡድን የሚጨነቀው ደቂቃው እንዳያልቅበት ነው፤ በሶፍትቦል ግን የሚያልቀው አውት (መቺ ወይም ሯጭ ከተራዋ የምትወገድበት ፍርድ) ነው። በ7 ኢኒንግ (ቡድኑ 3 አውት እስኪሆንበት የሚመታበት ዙር) ጨዋታ አንድ ቡድን ለመምቻ የሚኖረው 21 አውት ነው። ከእነዚህ አንዱ በ2ኛው ኢኒንግ ቢባክን ለማካካስ ጊዜ አለ፤ በ6ኛው ወይም በ7ኛው ሲባክን ግን ከቀረው ጥቂት ላይ ይቀነሳል። ብዙ የታዳጊ ቡድን አሰልጣኞች የሚሳሳቱት ደንቡን ስለማያውቁ አይደለም፤ በ1ኛው ኢኒንግ የሰጡትን የበንት (ባቱን ሳያወዛውዙ ኳሱን ነክቶ ቅርብ መጣል) ወይም የስቲል (ኳሱ ሳይመታ ወደ ቀጣዩ ቤዝ መሮጥ) ምልክት ሁኔታው ከተለወጠ በኋላም ሳያስተካክሉ ስለሚደግሙት ነው።

ይህ መመሪያ የሚመለከተው ወርዋሪዋ ክንዷን አሽከርክራ በፍጥነት የምትወረውርበትን፣ በተለይ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች የሚጫወቱትን ሶፍትቦል ነው። ኢኒንግ፣ አውት፣ ቤዝ፣ በንት፣ ስቲልና የመሳሰሉትን ቃላት ሜዳ ላይ እንደሚነገሩት ተጠቅሜባቸዋለሁ። ደረጃዎቹ ሁሉ ግን ወደ አንድ ጥያቄ ይመለሳሉ፦ ጨዋታውን የምትወስነው ሯጭ የትኛዋ ናት? ይህች ሯጭ ቤዝ (ሯጭ ነጥብ ለማስቆጠር በተራ የምትረግጠው ማረፊያ) ላይ ያለችዋ ልትሆን ትችላለች፤ በመምታት ላይ ያለችዋም ልትሆን ትችላለች፤ አንዳንዴም ገና ዳግአውት (የቡድኑ መቀመጫ) ውስጥ ተቀምጣ ሄልሜቷን እየፈለገች ነው።

ደረጃ 1፦ የመጨረሻው ኢኒንግ የትኛው እንደሆነ ከጨዋታው በፊት ያረጋግጡ

ነገሩ ግልጽ ቢመስልም ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋው ይኸው ነው። የታዳጊዎች ጨዋታ እንደ ሊጉ 6 ወይም 7 ኢኒንግ ሊሆን ይችላል፤ በብዙ ውድድሮችም የተወሰነ ደቂቃ ካለፈ በኋላ አዲስ ኢኒንግ አይጀመርም። በዚህ ምክንያት 4ኛው ወይም 5ኛው ኢኒንግ ሳይታሰብ የመጨረሻው ይሆናል፤ በ7ኛው እጠቀምባታለሁ ብለው ያቆዩአት ተለዋጭ መቺም ቤንች ላይ እንደተቀመጠች ጨዋታው ያበቃል። ስለዚህ ከዋናው ዳኛ ጋር በሚደረገው የቅድመ ጨዋታ ንግግር ላይ ሰዓቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠርና አዲስ ኢኒንግ በየትኛው ቅጽበት እንደተጀመረ እንደሚቆጠር ይጠይቁ።

በዚያው ንግግር ላይ አራት ነገሮችን ይጨምሩ። አንደኛው በአንድ ኢኒንግ የሚመዘገበው ነጥብ ጣሪያ ያለው እንደሆነ ነው፤ በአንዳንድ የሕፃናት ሊጎች አንድ ቡድን በአንድ ኢኒንግ ከ5 ነጥብ በላይ ማስቆጠር ስለማይፈቀድለት፣ ጣሪያው ለመጨረሻው ኢኒንግ ካልተነሣ በ6 ነጥብ ተመርቶ ወደዚያ የገባ ቡድን አስቀድሞ ተሸንፏል። ሁለተኛው ጨዋታው በሰፊ የነጥብ ልዩነት ምክንያት ቀድሞ የሚቋረጥበት መጠን ነው። ሦስተኛው የተቀየረች ተጫዋች ተመልሳ መግባቷ ነው፤ በተለመደው ደንብ ጨዋታውን የጀመረች ተጫዋች ከወጣች በኋላ አንድ ጊዜ፣ በራሷ የመምቻ ተራ፣ ተመልሳ መግባት ትችላለች። አራተኛው ለወርዋሪዋና ለካቸሯ (ከመቺዋ ጀርባ ሆና ውርወራውን ለምትይዘው) ብቻ የሚፈቀደው ተተኪ ሯጭ በዚያ ውድድር ይሠራ እንደሆነ ነው።

ደረጃ 2፦ ከ4ኛው ኢኒንግ ጀምሮ መረጃ ይሰብስቡ

የ7ኛው ኢኒንግ ውሳኔ በ7ኛው ኢኒንግ ማሰብ ከተጀመረ ዘግይቷል። በመጀመሪያ የመምቻ ተራውን ወደፊት ይቁጠሩ። በ6ኛው ኢኒንግ መጀመሪያ የምትመታው 8ኛዋ ከሆነችና ማንም ቤዝ ካልደረሰች 8ኛዋ፣ 9ኛዋና 1ኛዋ ይመታሉ፤ 7ኛው ኢኒንግም በ2ኛዋ ይጀመራል። ከእነርሱ አንዷ ቤዝ ላይ ብትደርስ 7ኛው በ3ኛዋ ይጀመር ይሆናል። ይህን ቀድሞ ያሰበ አሰልጣኝ በ6ኛው ኢኒንግ ደካማ መቺዎቹን መቼ በንት ማስደረግ፣ መቼ በነፃነት ማስመታት እንዳለበት ይገባዋል።

ቀጥሎ የካቸሯን ክንድ በሰዓት ይለኩ። በየኢኒንጉ መጀመሪያ ወርዋሪዋ የማሟሟቂያ ውርወራዋን ስትጨርስ ካቸሯ ወደ 2ኛ ቤዝ የምትወረውርበት ልማድ አለ፤ ይህ ለተቃራኒው አሰልጣኝ በነፃ የሚሰጥ መረጃ ነው። ኳሱ የካቸሯን ጓንት ከነካበት ቅጽበት አንሥቶ 2ኛ ቤዝ ላይ ያለችውን ተከላካይ ጓንት እስከሚነካበት ድረስ ያለውን ጊዜ ይያዙ። የ3ኛ ቤዝ ተከላካይዋ ምን ያህል ወደፊት ቀርባ እንደምትቆም፣ የትኛዋ የውጪ ሜዳ ተጫዋች በደካማ ክንድ እንደምትወረውር፣ ከካቸሯ ጀርባ ያለው አጥር ኳስ ሲመታው ወደ ሜዳ ይመልስ ወይም እዚያው ይጥል እንደሆነም ይመልከቱ። የመጨረሻው ነገር ተራ ዝርዝር ይመስላል፤ 3ኛ ቤዝ ላይ ላለች ሯጭ ግን ያመለጠ ኳስ ወደ ሆም (መቺዋ የምትመታበትና ሲረገጥ ነጥብ የሚቆጠርበት ቤዝ) ያስገባት ወይም ያስቀራት እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው።

ወርዋሪዋንም በቅርብ ይከታተሉ። በሶፍትቦል አንዲት ወርዋሪ ሙሉ ጨዋታን፣ አንዳንዴም በአንድ ቀን ከአንድ በላይ ጨዋታን መወርወሯ የተለመደ ነው፤ ጃፓናዊቷ ዩኪኮ ኡኤኖ በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ በሁለት ቀን ውስጥ በሦስት ጨዋታዎች 413 ኳስ ወርውራ ቡድኗን ለወርቅ አብቅታለች። የ12 ዓመት ልጅ ግን ኡኤኖ አይደለችም። ስትደክም ስትራይክ (መቺዋ ልትመታው በሚገባ ቦታ የሚያልፍ ውርወራ) ማግኘት ይከብዳታል፤ በሁለት ውርወራዎች መካከል የምትወስደው ጊዜም ይረዝማል። ይህ ምልክት ከታየ የመጨረሻው ኢኒንግ ትዕግሥት የሚከፍልበት ኢኒንግ ነው።

ደረጃ 3፦ ወሳኟን ሯጭ ይለዩ

ቡድንዎ በ1 ነጥብ እየተመራ ከሆነ ወሳኟ ሯጭ ቀድማ ቤዝ ላይ የደረሰችው ናት፤ አቻ የምታደርገው እርሷ ስለሆነች እርሷን ለማራመድ አንድ አውት መክፈል ሊያዋጣ ይችላል። በ2 ነጥብ ከተመሩ ወሳኟ ሁለተኛዋ ናት። በ3 ነጥብ ተመርተው አንዲት ሯጭ 1ኛ ቤዝ ላይ ብትኖር፣ መቺዋ ሁለተኛዋን ነጥብ፣ ከእርሷ ቀጥላ የምትመታው ደግሞ አቻ የምታደርገዋን ሦስተኛ ነጥብ ትይዛለች፤ ወሳኟ ሯጭ ገና መምቻ ሳጥን አልገባችም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ቤዝ ላይ ያለችውን ለማራመድ በንት ማስደረግ፣ ወይም እርሷን በስቲል ለአደጋ ማጋለጥ፣ ብቻውን ምንም ለማይለውጥ ነጥብ ውድ አውት መክፈል ነው። እኔም በአንድ ጨዋታ በ3 ነጥብ እየተመራን ፈጣኗን ልጅ ወደ 2ኛ ቤዝ ልኬ አውት አስደርጌያታለሁ። ቀጣዮቹ ሁለት መቺዎች በተከታታይ ጥሩ መትተው ቤዝ ሲደርሱ፣ የጎደለን ያ እኔ የጣልኩት አውት እንደነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ቀድሞ በሚመታውና በኋላ በሚመታው ቡድን መካከል ያለው ልዩነትም እዚህ ላይ ይመጣል። በኋላ የሚመታው ቡድን በመጨረሻው ኢኒንግ ስንት ነጥብ እንደሚያስፈልገው በትክክል ያውቃል፤ ነጥቡ አቻ ከሆነ የሚያስፈልገው 1 ብቻ ስለሆነ ለ1 ነጥብ መጫወቱ ትክክል ነው። ቀድሞ የሚመታው ቡድን ግን ተቃራኒው ገና 3 አውት እንዳለው ያውቃል። የልጆች መከላከል ብዙ ስሕተት በሚታይበት ደረጃ የ1 ነጥብ መሪነት ቀጭን ነው፤ ስለዚህ ቀድመው የሚመቱ ከሆነ አውትን በቀላሉ ባይሰጡ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ በንት ከማዘዝዎ በፊት

ሯጭን ለማራመድ ተብሎ የሚደረግ በንት በአውት ቤዝ መግዛት ነው። የሚገዛው ቤዝ ዋጋ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ምንም አውት ሳይኖር ሯጭን ከ1ኛ ወደ 2ኛ ማሸጋገር መጠነኛ ጥቅም አለው፤ ከ2ኛ ወደ 3ኛ ማሸጋገር ግን ከዚያ ይበልጣል፤ ምክንያቱም አንድ አውት ብቻ ኖሮ 3ኛ ቤዝ ላይ ያለች ሯጭ ያለ ንጹህ ምት ልትገባ ትችላለች። በርቀት የተያዘ ከፍ ያለ ኳስ፣ ቀስ ብሎ የተንከባለለ ኳስ፣ ካቸሯን ያመለጠ ውርወራ፣ የተከላካይ ስሕተት፣ ሁሉም ያስገቧታል። አንድ አውት ካለ በኋላ ለማራመድ የሚደረግ በንት ግን ሁለተኛውን አውት ስለሚያስከፍል እነዚህን መንገዶች ራሱ ይዘጋቸዋል፤ በዚህ ቦታ ባዝዘው ኖሮ ብዬ የተቆጨሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ከቦታው ቀጥሎ መመዘን ያለበት ሰው ነው። መቺዋ በልምምድ ላይ ከ10 ውርወራ ስንቱን በጥሩ ሁኔታ በንት ታደርጋለች? ከእርሷ በኋላ የሚመጡት ሁለቱስ እነማን ናቸው? የቡድኑ ምርጥ መቺ ተራ ላይ ሆና በንት ማስደረግ በአብዛኛው ጥፋት ነው፤ 8ኛዋ መቺ በንት አድርጋ 9ኛዋና 1ኛዋ ከተከተሉ ግን ሁለቱን መመዘን ያስፈልጋል፤ የ9ኛዋ መቺ አውት ሁለተኛው ስለሚሆን ሁሉ ነገር በ1ኛዋ ላይ ይወድቃል። ይህን ሳይቆጥሩ «ሯጭ አለች፣ አውት የለም፣ በንት» ማለት ስሌት የሌለበት ልማድ ነው።

ምልክቱ ከተሰጠ በኋላ አፈጻጸሙ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። መቺዋ ስትራይክ ያልሆነውን ውርወራ እንድትተወውና ባቷን እንድትመልስ መማር አለባት። ሯጯ ኳሱ መሬት መንካቱን ሳታይ መሮጥ የለባትም፤ ወደ ላይ የወጣ በንት ከተያዘ ሁለት አውት በአንድ ጊዜ ሊወጣ ይችላል። ሯጭ 2ኛ ቤዝ ላይ ካለች ኳሱ ወደ 3ኛ ቤዝ መስመር ቢሄድ ይመረጣል፤ የ3ኛ ቤዝ ተከላካይዋ ኳሱን ለማንሣት ቤዟን ስለምትለቅ ሾርትስቶፗ (በ2ኛና በ3ኛ ቤዝ መካከል የምትቆመው ተከላካይ) ሮጣ መሸፈን ይኖርባታል፤ ይህ ቅንጅት ደግሞ በልጆች ቡድን ውስጥ ብዙ ጊዜ ይጎድላል። ሁለት ስትራይክ ካለ በኋላ ከመስመር ውጪ የወጣ በንት መቺዋን በቀጥታ አውት እንደሚያደርጋት አይርሱ፤ ምልክቱን በጊዜ ይለውጡት።

ደረጃ 5፦ ስቲልን በሰዓት እንጂ በስሜት አይዘዙ

በሶፍትቦል ሯጭ ኳሱ ከወርዋሪዋ እጅ ሳይወጣ ቤዝ መልቀቅ አትችልም፤ ቀድማ ከለቀቀች አውት ናት። በቤዞች መካከል ያለው ርቀት 18.29 ሜትር ሲሆን ካቸሯ ወደ 2ኛ ቤዝ የምትወረውረው 25.86 ሜትር ያህል ነው። የ12 ዓመት ልጆች ወርዋሪ የምትቆመው በ12.19 ሜትር ላይ ስለሆነ፣ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ካቸሯ ጋር ለመድረስ 0.6 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በደረጃ 2 የለኩት የካቸሯ ጊዜ 2.3 ሰከንድ ከሆነ ድምሩ 2.9 ነው፤ ኳሱን ይዞ ሯጯን ለመንካት 0.2 ቢጨመርበት 3.1 ይሆናል። በልምምድ ላይ ይህን ርቀት በ3.0 የምትሮጥ ልጅ የመድረስ ዕድል አላት፤ በ3.4 የምትሮጠው ግን የካቸሯን ስሕተት ትጠብቃለች። ስሕተት ይኖራል፤ በ10 ዓመት ደረጃ እንዲያውም ብዙ ነው። ሆኖም ተስፋ እያደረጉ እንደሆነ አውቀው ያድርጉት።

ስቲል ከሁሉ ይበልጥ የሚያዋጣው ሁለት አውት ኖሮ ወሳኟ ሯጭ 1ኛ ቤዝ ላይ ስትሆን ነው፤ ከ1ኛ ቤዝ ለመግባት ሁለት ጥሩ ምት ወይም አንድ ረጅም ምት ያስፈልጋታል፤ ከ2ኛ ቤዝ ግን አንድ ምት ይበቃታል። ሁለት አውት ኖሮ ከ2ኛ ወደ 3ኛ መስረቅ ብዙም አይጨምርም፤ ምቱ ሲመጣ ከ2ኛም ትገባ ነበርና። የዚህ ልዩ ሁኔታ ኳስ ዘወትር የሚያመልጣት ካቸር ናት፤ እንዲህ ባለ ጨዋታ 3ኛ ቤዝ የግማሽ ነጥብ ያህል ነው።

ደረጃ 6፦ ሯጭ 3ኛ ቤዝ ላይ ስትሆን

ከሁለት አውት በታች ሆኖ ወሳኟ ሯጭ 3ኛ ቤዝ ላይ ስትደርስ ምርጫው ይሰፋል፤ የብዙ አሰልጣኝ እጅም የሚንቀጠቀጠው ያኔ ነው። ስኩዊዝ፣ ማለትም ሯጯን ለማስገባት የሚደረግ በንት፣ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ሯጯ ኳሱ ከወርዋሪዋ እጅ እንደወጣ ትሮጣለች፤ ስለዚህ መቺዋ የመጣውን ማንኛውንም ውርወራ መንካት አለባት፤ ካልነካችው ሯጯ በካቸሯ እጅ ላይ ትወድቃለች። በሁለተኛው ሯጯ በንቱ መሬት ላይ መውረዱን ካየች በኋላ ትነሣለች። ለታዳጊዎች እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ ውርወራው መጥፎ ቢሆን ምንም አልጠፋም። ሦስቱም ቤዞች በተያዙበት ጊዜ ግን ካቸሯ ሯጯን መንካት ሳያስፈልጋት ሆምን ረግጣ አውት ስለምታደርጋት የስኩዊዝ ዋጋ በእጅጉ ይቀንሳል።

ተከላካዮቹ ወደፊት ተጠግተው ከቆሙ ሯጯ በማንኛውም የተንከባለለ ኳስ ትሩጥ ወይስ ኳሱ አልፎ እስኪሄድ ትጠብቅ የሚለውን ከውርወራው በፊት ይንገሯት። አንድ አውት ኖሮ ቀጥላ የምትመታው ጠንካራ ከሆነች መጠበቅ፣ ደካማ ከሆነች መሮጥ የተሻለ ነው። ከፍ ብሎ ወደ ውጪ ሜዳ የሄደ ኳስ ሲሆን ደግሞ ወዲያው ወደ ቤዟ ተመልሳ፣ ኳሱ ጓንት እንደነካ መነሣት አለባት፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ መመልከት በዚህ ዕድሜ የሚታይ ትልቅ ጥፋት ነው።

1ኛና 3ኛ ቤዝ ላይ ሯጮች ሲኖሩ የ1ኛዋን ወደ 2ኛ መላክ ካቸሯን ከባድ ምርጫ ላይ ይጥላታል፤ ብዙ የታዳጊ ካቸሮች 3ኛዋን ፈርተው አይወረውሩም። ሁለት አውት ካለ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ 3ኛ ቤዝ ላይ የነበረችው ሆምን ከመርገጧ በፊት ወደ 2ኛ የምትሮጠዋ ከተነካች ነጥቡ አይቆጠርም። ስለዚህ ኳሱ ወደ እርሷ ሲመጣ ቆማ፣ ተመልሳ፣ ጊዜ መግዛት አለባት እንጂ በቀጥታ ወደ ጓንቱ መሮጥ የለባትም።

ደረጃ 7፦ መቼ መምታት፣ መቼ መታገሥ

በ2 ወይም ከዚያ በላይ ነጥብ እየተመሩ ሳለ ወርዋሪዋ ስትራይክ ማግኘት ሲያቅታት፣ የኢኒንጉ የመጀመሪያ መቺ አንድ ስትራይክ እስኪጠራ ብትጠብቅ ተገቢ ነው፤ በአራት ቦል (ከስትራይክ ቦታ ውጪ በሄደና መቺዋ በተወችው ውርወራ) የተገኘ ቤዝ በምት ከተገኘው አያንስም። ወርዋሪዋ የመጀመሪያውን ውርወራ ሁልጊዜ መሐል ላይ የምትጥል ከሆነ ግን ይህ ትዕግሥት ጥሩውን ኳስ ማሳለፍ ነው። ልጅቷ «አትምቺ» የሚለውን ምልክት ከሁለት ስትራይክ በኋላም በልቧ ይዛ እንዳትቆም በግልጽ ይንገሯት፤ ቆማ ከመውጣት ሞክራ መውጣት ይሻላል።

ሦስተኛው ስትራይክ ካቸሯ ሳትይዘው ሲቀር መቺዋ ወደ 1ኛ ቤዝ መሮጥ የምትችለው 1ኛ ቤዝ ባዶ ሲሆን ነው፤ ሁለት አውት ካለ ግን ቤዙ ቢያዝም መሮጥ ትችላለች። በአንዳንድ የትንንሾች ሊጎች ይህ ደንብ አይሠራም፤ በሚሠራበት ግን መቺዎች አውት የሆኑ መስሏቸው ወደ ዳግአውት ሲመለሱ ጨዋታ ያበቃል። ሁለት አውት፣ ሦስት ቦልና ሁለት ስትራይክ ሲሆን፣ ከኋላቸው የሚገፋቸው ያለባቸው ሯጮች ሁሉ ኳሱ ከእጅ እንደወጣ መሮጥ አለባቸው፤ የሚያጡት ነገር የለም።

ደረጃ 8፦ ተቀያሪዎችን ለወሳኟ ያቆዩ

ፈጣኗ ተቀያሪ ሯጭ የምትገባው ቀድማ ቤዝ ለደረሰችው ሳይሆን ለወሳኟ ነው። በ2 ነጥብ እየተመሩ ለመጀመሪያዋ ሯጭ ካስገቧት፣ አቻ የምታደርገዋ ዘገምተኛ ካቸር 2ኛ ቤዝ ላይ ስትደርስ የሚያስገቡት አይኖርም። ሁሉም ልጆች በተራ በሚመቱበት ሊግ ተለዋጭ መቺ የሚባል ነገር ስለማይኖር ይህ ደረጃ በአብዛኛው አይመለከትዎትም።

ደረጃ 9፦ ጨዋታው በአቻ ወደ ተጨማሪ ኢኒንግ ከሄደ

በብዙ ደንቦች ተጨማሪ ኢኒንግ የሚጀመረው በዚያ ኢኒንግ መጨረሻ ላይ መምታት የነበረባትን ተጫዋች 2ኛ ቤዝ ላይ በማስቀመጥ ነው፤ ማለትም ኢኒንጉን 4ኛዋ መቺ ከጀመረች 2ኛ ቤዝ ላይ የምትቆመው 3ኛዋ ናት። ቀድመው የሚመቱ ከሆነና መቺዋ ጥሩ ከሆነች እንድትመታ ይተዋት፤ 1 ነጥብ አስቆጥረው ቢወጡ ተቃራኒው ቡድንም ሯጩን 2ኛ ቤዝ ላይ ይዞ ይጀምራልና። በኋላ የሚመቱ ከሆነና ተቃራኒው ምንም ካላስቆጠረ ግን በደረጃ 4 የተባለው በንት ከማንኛውም ጊዜ ይበልጥ ትክክል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ በልምምድ እንዴት ማስያዝ ይቻላል?

ልጆች በጨዋታ ላይ የሚፈጽሙት በልምምድ የደጋገሙትን ብቻ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ለ15 ደቂቃ ያህል ሜዳውን በሁኔታ ይክፈቱት፤ «7ኛ ኢኒንግ፣ በ1 ተመርተናል፣ አንድ አውት፣ ሯጭ 2ኛ ቤዝ ላይ» ብለው ያውጁና ኳሱ ከመወርወሩ በፊት የቆሙትን ልጆች ወሳኟ ሯጭ የትኛዋ እንደሆነች ይጠይቋቸው። መልሱን መጀመሪያ ሁልጊዜ በመምታት ላይ ያለችው ልጅ ትስጥ። ከዚያ ነጥቡን ወደ 3 ይለውጡና በዚያው አሰላለፍ ጥያቄውን ይድገሙት፤ መልሱ ለምን እንደተለወጠ እርስ በርስ ሲያስረዱ ምልክት ከመስጠት በቀር የቀረዎት ሥራ ትንሽ ነው። የ10 ዓመት ልጆች ከሆኑ ከሦስት ምልክት በላይ አያስተምሯቸው፦ በንት፣ ሩጪ፣ ጠብቂ። ምልክቱ ያልገባት ልጅ ደግሞ ከመምቻ ሳጥኑ ወጥታ ምልክቱ እንዲደገምላት መጠየቅ እንደምትችል አስቀድማ ትወቅ።